ወደ ማኅፀን የሚደርስ ንዳድ

በዚህ ዓምድ ስለ ሕፃናት አስተዳደግ፥ ስለ ቤት አያያዝና ስለ እናቶች ጤና ስንነጋገር መቆየታችን የታወቀ ነው። ዛሬ ደግሞ ልጁ ገና በእናቱ ማኅፀን ሳለ ስለሚደርስበት አንድ ጠላት ልንነግራችሁ አስበናል። ሰው ሁሉ ልጁ ከተወለደ በኋላ ብርድ እንዳይመታው፥ ፀሐይ እንዳይነካው ይጨነቃል፤ ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን ሕፃኑ የቀን ብርሃን ከማየቱ አስቀድሞ በእናቱ ደም በኩል ሊመጣበት የሚችል በሽታ እንዳለ የሚያስብ ጥቂት ነው። ይህም በሽታ አባቶቻችን ንዳድ ይሉት የነበረው፥ እኛም ዛሬ ወባ የምንለው ነው።

ነገራችንን በምዕራብ ጎጃም ላይ የምናቆመው ያለ ምክንያት አይደለም። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ ሰው አስቀድሞ ፍኖተ ሰላምን ያገኛል፤ ጥቂት ወደ ፊት አልፎም ቡሬን ያያል። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ወለል 1,900 ሜትር ያህል፥ ቡሬም 2,100 ሜትር ያህል ከፍ ብለው የተቀመጡ ከተሞች ናቸው። አየሩ ለሰው የሚስማማ፥ መሬቱም ጤፍና በቆሎ፥ ዳጉሳና በርበሬ የሚያበቅል አገር ነው። ከቡሬ ወደ ነቀምት የሚወስደው መንገድ ግን ቁልቁል እየወረደ ወደ ዓባይ በረሃ ያገባል። ስለዚህ የአገሩ ሰው በወይና ደጋው እየኖረ ለእርሻና ለሥራ ወደ ቆላው ይወርዳል። የጥንቱ ገበሬ በዚህ አካሄድ ጠንቃቃ ነበረ። ቀን ቆላ ወርዶ ቢሠራ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ደጋው ለመመለስ ይጣደፍ ነበር፤ ቆላ ማደር ንዳድ ያመጣል ብሎ ያምን ነበርና። ስለ ቢምቢዋ ባያውቅም ሌሊቱን መፍራቱ ትክክል ነበረ፤ የወባ ቢምቢ ይልቁን የምትነድፈው ከምሽት እስከ ንጋት ነውና።

«እኛ የወይና ደጋ ሰዎች ነን፤ ወባ የቆላ በሽታ ነው፤ ምን ያደርገናል?» የሚል ሰው ቢኖር አንድ ያለፈ ነገር እናስታውሰው። ከሰኔ 1950 እስከ ታኅሣሥ 1951 ዓ.ም. ድረስ (በአውሮፓ አቆጣጠር በ1958) በኢትዮጵያ ደጋማ አገሮች ትልቅ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ነበር። በዚያን ጊዜ የተደረገው ግምት እንደሚያስረዳው 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታምሞ 150,000 ያህል ሞቷል። በሽታው የተስፋፋበትም ስፍራ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር የሚደርሰው አገር ነበረ። የፍኖተ ሰላምና የቡሬ ከፍታ በዚህ መካከል መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል። የወባ ማጥፊያ መሥሪያ ቤት በአገራችን የተቋቋመው በሚከተለው ዓመት ነው። ወባ ዘወትር በሚኖርበት ቆላ ያደገ ሰው በተደጋጋሚ ታምሞ ሰውነቱ በሽታውን መቋቋም በመጠኑ ይለምዳል። የደጋውና የወይና ደጋው ሰው ግን ይህ ልምድ ስለሌለው ወባ ድንገት በወጣች ጊዜ ትልቁንም ትንሹንም እኩል ትጥላለች። ስለዚህ በእንደዚህ ያለ አገር የመጀመሪያ ልጅዋን የፀነሰችውም አምስተኛዋን የፀነሰችውም በአንድነት መጠንቀቅ አለባቸው።

ለቡሬ ሌላም የተለየ ታሪክ አላት። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1998 በቡሬ አካባቢ ወባ ክፉኛ ተነሥታ ነበር። ከዚያ በኋላ ጄምስ ማካን የተባለው የታሪክ ሊቅና ኢትዮጵያውያን ባልደረቦቹ የነገሩን ሥር ለማግኘት መርምረው በ2005 ጥናታቸውን አወጡ። ያገኙትም ነገር የሚያስደንቅ ነው። በቆሎ በብዛት በሚዘራባቸው መንደሮች በሽታው ጥቂት በቆሎ ከሚዘራባቸው መንደሮች ይልቅ በብዙ እጥፍ በርትቶ ተገኘ። ምክንያቱንም ሲያስረዱ፥ በቆሎ ባበበ ጊዜ ከአናቱ የሚረግፈው ብናኝ በአጠገቡ ባለው ኩሬ ላይ ይወድቃል፤ የቢምቢዋም እጭ ይህን ብናኝ በልቶ ቶሎ ያድጋል፥ ይጠነክራልም ይላሉ። ዘግይቶ የሚደርሰው አዲሱ የበቆሎ ዘር የሚያብበው ክረምቱ ወጥቶ ኩሬው ገና ሳይደርቅ በመሆኑ ነገሩ ባሰ። እኛ ይህን ስንጽፍ በቆሎ አትዝሩ ማለታችን አይደለም፤ የአገሩ እንጀራ ነውና። ነገር ግን ከመኝታ ቤት ግድግዳ ሥር ከመዝራት ይልቅ ራቅ አድርጎ መዝራት፥ በጓሮው ያለውንም የተኛ ውኃ ማፍሰስ ለቤተ ሰቡ ይበጃል።

ይህ ሁሉ ያለፈ ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገለጸው፥ በአውሮፓ አቆጣጠር ከጃንዋሪ 1 እስከ ኦክቶበር 20 ቀን 2024 ድረስ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመምተኞችና 1,157 ሟቾች ተመዝግበዋል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በደረሰው ግጭት ምክንያትም በብዙ ስፍራ ወደ ጤና ጣቢያ መድረስ አስቸጋሪ ሆኖ ታይቷል። እንግዲህ መንገድ በሚከብድበት ጊዜ እውቀት ከቤት መገኘት ይገባዋል።

አሁን በሽታው እንዴት እንደሚሠራ እናስረዳ። ወባን የምታመጣው በዓይን የማትታይ ጥገኛ ተሕዋስ ናት። አልፎንስ ላቬራን የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም በ1880 በአልጄሪያ በሕመምተኛ ደም ውስጥ አያት፤ ሮናልድ ሮስም በ1897 በህንድ አገር ቢምቢ እንደምትሸከማት አሳየ። በአገራችን የሚበዙት ሁለት ዓይነቶች ናቸው፤ አንደኛዋ ፋልሲፓረም፥ ሁለተኛዋ ቫይቫክስ ይባላሉ። ፋልሲፓረም ፈጥና የምትገድል ናት። ቫይቫክስ ግን ከደም ብትጠፋም በጉበት ተኝታ ቆይታ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ የምትነሣ ተንኰለኛ ናት።

ሕፃን በማኅፀን ሳለ ምግቡንና አየሩን የሚያገኘው በእንግዴ ልጁ በኩል ነው። የእናት ደምና የልጅ ደም በዚያ ተጎራብተው ይኖራሉ እንጂ አይቀላቀሉም፤ የእንግዴ ልጁም እንደ ጥሩ ወንፊት የሚጠቅመውን ያሳልፋል፥ ብዙውን ክፉ ነገር ይከለክላል። ፋልሲፓረም የያዘችው የደም ሕዋስ ግን በዚህ ወንፊት ላይ የመጣበቅ ጠባይ አላት። በዚያም ተከማችታ የምግቡንና የአየሩን መንገድ ታጠባለች። ከዚህም የተነሣ እናቲቱ ደም ያንሳታል፤ ፅንሱ ሊወርድ፥ ሞቶም ሊወለድ፥ ቀኑ ሳይደርስም ሊወለድ ይችላል፤ በሕይወት ቢወለድም ክብደቱ ከ2,500 ግራም በታች ሆኖ ለሌላ በሽታ ሁሉ የተጋለጠ ይሆናል። አንዳንድ ጊዜም ተሕዋሷ ወንፊቱን አልፋ ወደ ሕፃኑ ደም ትገባለች፤ ሕፃኑም ቢምቢ ሳትነድፈው ወባ ይዞ ይወለዳል። ይህ ዓይነቱ ብዙ ጊዜ የሚደርስ ባይሆንም የደረሰ እንደ ሆነ ቶሎ የሚያስተውለው ሰው ስለሚታጣ አደጋው ትልቅ ነው።

ነገሩ ይበልጥ እንዲገባችሁ ለምሳሌ ያህል አንዲት ሴት እናስብ። ስም አንሰጣትም፤ እንደ እርስዋ ያሉ ብዙዎች ናቸውና። ከቡሬ ወደ ዓባይ በሚያዘቀዝቀው አገር ትኖራለች እንበል። ወሩ ኅዳር ነው፤ ጤፉ ታጭዶ ሊከመር ደርሷል። እርስዋም ከፀነሰች ሦስተኛ ወሯ ነው፤ ከባልዋ በቀር ግን ማንም አያውቅም፤ ሆድ ሳይገፋ ፅንስን መናገር የሰው ዓይን ያመጣል እየተባለ ሲነገር ሰምታለችና። አንድ ቀን ማታ ብርድ ብርድ አላት፤ ቀጥሎ ትኩሳት ያዛት፤ ከዚያም በላብ ተጠመቀች።

አማትዋ አይተው፥ «ልጄ፥ ፊትሽ ምነው ገረጣ?» አሉ።

«ምንም አይደለም እማማ፤ ፀሐይ መትቶኝ ነው፤ አይጨነቁ» ብላ መለሰች።

አማትዋም ደግ ሴት ነበሩና ፌጦና ነጭ ሽንኩርት አዘጋጅተው ሰጧት። በማግሥቱ ትኩሳቱ ለቀቃት፤ ዳንሁ ብላ ወደ አጨዳው ወጣች። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ተመለሰ። ባልዋም ከጎረቤት የተረፈ ኪኒን ለምኖ አመጣላት፤ እርስዋም ሁለት ዋጠች፤ ጥቂት ተሻላት፤ የቀረውንም ለሌላ ጊዜ ብላ በጨርቅ ቋጥራ አኖረችው።

ታሪኩን እዚህ ላይ እናቁመውና ስሕተቱን እንቍጠር። በዚህ ቤት ክፉ ሰው የለም። አማትዋ ራርተዋል፥ ባልዋ ደክሟል፥ እርስዋም ታግሣለች። ይሁን እንጂ ሦስት ነገር ተበላሽቷል።

የመጀመሪያው ስሕተት ትኩሳቱን መደበቅዋ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለው ተረት ለእርስዋ ብቻ ሳይሆን በማኅፀንዋ ላለውም የተነገረ ነው። ወባ አንድ ቀን ለቅቃ በሌላው ቀን መመለስ ልማድዋ ስለ ሆነ የትኩሳት መልቀቅ የመዳን ምልክት አይደለም። ፌጦና ነጭ ሽንኩርትም በወጥና በምግብ መልካም ናቸው፤ በደም ውስጥ ያለችውን ተሕዋስ አጥፍተው ፅንሱን ያድናሉ ማለት ግን አይቻልም።

ሁለተኛው ስሕተት ፅንሱን መደበቅዋ ነው፤ ይህም ከሁሉ የከፋ ነው። ዛሬ የወባ ሕመምተኛ ወደ ጤና ጣቢያ በሄደ ጊዜ ከዋናው መድኃኒት ጋር ፕሪማኩዊን የተባለ ሊጨመርለት ይችላል። ይህ መድኃኒት ለሌላው ሰው ጠቃሚ ሲሆን ለነፍሰ ጡር ግን የተከለከለ ነው። ምክንያቱም አንዳንድ ሰው ሲወለድ ጀምሮ በደሙ ውስጥ አንድ ጠባቂ ንጥረ ነገር ይጎድለዋል፤ እንዲህ ያለው ሰው ፕሪማኩዊን ቢወስድ የደም ሕዋሳቱ ይፈርሳሉ። የእናቲቱን ደም መርምሮ ማወቅ ቢቻልም በማኅፀን ያለው ሕፃን ይህ ጉድለት እንዳለበትና እንደሌለበት ማን ያውቃል? ስለዚህ ሐኪሙ ፅንስ እንዳለ ካልተነገረው ሊያድን የሰጠው መድኃኒት ሊጎዳ ይችላል። ሆድዋ ገና ያልገፋ ሴት ራስዋ ካልተናገረች ሐኪም ከመልክዋ ሊያውቅ አይችልም።

ሦስተኛው ስሕተት የማይታወቅ ኪኒን፥ ያውም በጎደሎ መዋጥዋ ነው። ኪኒን የሚለው ቃል ራሱ ከወባ ታሪክ የመጣ መሆኑን ብዙ ሰው አያስተውልም። ከደቡብ አሜሪካ ከሚገኘው የሲንኮና ዛፍ ልጣጭ የሚወጣው መራራ መድኃኒት ኪኒን ወይም ኩዊኒን ይባላል፤ አገራችን ይህን መድኃኒት አስቀድማ ስላወቀች ስሙ ለሚዋጥ መድኃኒት ሁሉ መጠሪያ ሆኖ ቀረ። ስሙ አንድ ቢሆንም ሥራው ግን ብዙ ነው። ለቫይቫክስ የሚሰጠው ክሎሮኩዊን ለፋልሲፓረም አይበቃም። ከመጠኑ ያነሰ መድኃኒትም ተሕዋሷን አስፈራርቶ ያባርራታል እንጂ አይገድላትም፤ እርስዋም ተመልሳ ትበረታለች።

አሁን ደግሞ ታሪኩን በሌላ መንገድ እንጀምረው። ያችው ሴት ትኩሳቱ በያዛት በማግሥቱ ጠዋት ከባልዋ ጋር ወደ ቀበሌው ጤና ኬላ ሄደች እንበል። በዚያ ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጣትዋን ወግታ አንዲት ጠብታ ደም በመመርመሪያው ላይ አኖረች፤ ቡና ተፈልቶ እስኪቀዳ በማይሞላ ጊዜ ውስጥም ውጤቱ ታየ።

«እኅቴ፥ ወባ ነው። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ የወር አበባሽ ቀርቶብሻል?»

ሴቲቱ አፈረች፤ ባልዋን አየት አደረገችና፥ «ሦስተኛ ወሬ ነው» አለች።

«እንኳን ነገርሽኝ» አለቻት ሠራተኛዋ። ይህች አንዲት ቃል ሕፃኑን አዳነችው ብንል ከእውነት አንርቅም።

ከዚህ በኋላ ስለሚሰጠው ሕክምና አንባቢ እንዲያውቅ ያህል በአጭሩ እንገልጻለን፤ መድኃኒቱን የሚመርጥና መጠኑን የሚወስን ግን ሐኪሙ ብቻ መሆኑን አትርሱ። በፋልሲፓረም የተያዘች ነፍሰ ጡር እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የምትታከመው ለ7 ቀን በሚወሰደው በኩዊኒን ነበር። እርሱም መራራ፥ ጆሮን የሚያስጮኽ፥ ሆድንም የሚያውክ ስለ ሆነ ሳይጨርሱት የሚተዉት ብዙ ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅት ግን በአውሮፓ አቆጣጠር በኖቬምበር 2022 ምክሩን ለውጦ፥ አርቴሜተርና ሉሜፋንትሪን የተባሉት በአንድነት የተቀመሙበት መድኃኒት፥ ሕዝቡ ኮአርተም የሚለው፥ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራትም ጭምር እንዲመረጥ መከረ። ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ደግሞ አስቀድሞም ሲሰጥ የኖረ ነው። የዚህ መድኃኒት ሥር የተገኘው ከአንድ የቻይና ቅጠል ነው፤ ያገኘችውም ቱ ዩዩ የተባለች ቻይናዊት ሊቅ በ2015 የኖቤል ሽልማት ተሸልማበታለች። የሚወሰደውም በ3 ቀን ውስጥ 6 ጊዜ ነው። በሁለተኛው ቀን ብትድንም ስድስተኛውን ጊዜ እስክትፈጽም ድረስ መተው የለባትም።

በዚህ ላይ የቤት እመቤቶች ሊያውቁት የሚገባ አንድ ምሥጢር አለ። ይህ መድኃኒት በባዶ ሆድ ቢዋጥ ከሰውነት ጋር በደንብ አይዋሐድም፤ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሊወሰድ ይገባዋል። የወባ ወራት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው፤ የነቢያት ጾም ደግሞ በኅዳር 15 ቀን ይገባል። ስለዚህ ብዙ ሴት ወተትና ቅቤ በማትቀምስበት ጊዜ መድኃኒቱን ልትወስድ ትችላለች። ለዚህ መጨነቅ አያስፈልግም፤ በዘይት የተሠራ ሽሮ፥ ኑግ ወይም ኦቾሎኒ ቅባቱን ይሰጣል። እስከ ቀትር በባዶ ሆድ ስለ መቆየት ግን የንስሐ አባቷን ታማክር፤ ለታመመና ለነፍሰ ጡር የሚደረገውን ርኅራኄ እነርሱ ያውቁታል። መድኃኒቱን እንደ ዋጠች ወዲያው ቢያስመልሳት ዝም አትበል፤ ተመልሳ ትንገር።

በቫይቫክስ ለተያዘችው ክሎሮኩዊን ለ3 ቀን ይሰጣታል፤ ይህም በእርግዝና ወራት ሁሉ ሲሠራበት የኖረ ነው። በጉበት የተኛችውን የሚያጠፋው ፕሪማኩዊን ግን ለነፍሰ ጡር፥ እንዲሁም ከስድስት ወር በታች የሆነ ሕፃን ለምታጠባ እናት ስለማይሰጥ በሽታው ዳግመኛ ሊነሣ ይችላል። ስለዚህ ትኩሳት በተመለሰ ጊዜ «ባለፈው ታክሜአለሁ» ሳይሉ እንደገና መመርመር፥ ሕፃኑ ካደገ በኋላም ስለ ቀሪው ሕክምና ሐኪሙን መጠየቅ ያስፈልጋል። ደግሞም የፋልሲፓረም ተሕዋስ በእንግዴ ልጅ ውስጥ ተከማችታ ከጣት በሚወሰደው ደም ላይ ልትሰወር ስለምትችል፥ አንድ ጊዜ የለም መባል ትኩሳቱ ለቀጠለባት ነፍሰ ጡር የመጨረሻ ፍርድ አይደለም።

ነፍሰ ጡሪቱ መቆም ካቃታት፥ ካንቀጠቀጣት፥ ነገር ከተምታታባት፥ ዓይንዋ ቢጫ ከሆነ፥ ሽንትዋ ከጠቆረ፥ ትንፋሽ ካጠራት ወይም ያለማቋረጥ ካስመለሳት ነገሩ የጤና ኬላ ሥራ መሆኑ ቀርቷል። ያለ መዘግየት ወደ ሆስፒታል ትወሰድ። ለፍኖተ ሰላምና ለአካባቢው ሰው የፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ለዚህ የተሠራ ነው። በዚያም አርቴሱኔት የተባለው መድኃኒት በመርፌ ይሰጣታል፤ በደምዋ ያለው ስኳርም እንዳይወርድ ይጠበቃል። የመንደሩ ጎልማሶችም ወላድን በቃሬዛ ተሸክመው ያደርሱ እንደ ነበረ ለዚህችም ሴት ትከሻቸውን ያዘጋጁላት።

ልጁ ከተወለደ በኋላ ምን ይጠበቃል? በእርግዝናዋ ወራት ወባ የያዛት እናት ለአዋላጅዋ ይህን አስቀድማ ትንገር። ሕፃኑ ትኩሳት ቢይዘው፥ ጡት አልይዝ ቢል፥ ሰውነቱ ቢገረጣ ወይም ቢጫ ቢሆን፥ ያለ ምክንያት ቢነጫነጭ ወይም ቢፈዝ ደሙ ይመርመር። ከእናት የተላለፈ ወባ በመጀመሪያው ሳምንት ሊታይ ይችላል፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ከእናቱ የወረሰው የመከላከያ ኃይል ይዞት ለጥቂት ሳምንታት ይዘገያል። በዚህ ላይ የሚያሰጋን ነገር አለ። በአገራችን ልማድ አራስ ምች እንዳያገኛት፥ ሕፃኑንም የሰው ዓይን እንዳያየው ተብሎ ብዙ ቀን ከቤት አይወጡም። ልማዱ እናትን ለማሳረፍ መልካም ነው። ነገር ግን ለታመመ ሕፃን ክርስትና እስኪነሣ መጠበቅ አይገባም፤ ለጨቅላ ሕፃን ትኩሳት ወባም ይሁን ሌላ የዚያኑ ዕለት ወደ ሐኪም የሚያስኬድ ነገር ነው። ሸፍናችሁና ጥላ አድርጋችሁ ውሰዱት።

ለጨቅላዎች የሚሆን መድኃኒትም እየተገኘ ነው። ቀድሞ የነበሩት የወባ ኪኒኖች ለትልልቅ ልጆች የተሠሩ ስለ ነበሩ ሐኪሞች ለጨቅላው መጠኑን እየገመቱ ይሰጡ ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር በጁላይ 2025 ግን ከ2 እስከ 5 ኪሎ ግራም ለሚመዝኑ ሕፃናት የተዘጋጀ፥ በእናት ጡት ወተት ጭምር የሚሟሟ የኮአርተም ዓይነት በስዊዝ አገር የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ዘንድ ጸድቋል። አንድ የሚያጽናና ነገርም እንጨምር፤ ከእናቱ በደም በኩል ቫይቫክስ የተላለፈበት ሕፃን ተሕዋሷ በጉበቱ አትተኛበትም፤ በጉበት የምትተኛው ከቢምቢ በቀጥታ የገባችው ብቻ ናትና። ስለዚህ በጊዜው የታከመ ሕፃን ፈጽሞ ይድናል።

ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፥ ከሕክምናው የሚበልጠው አስቀድሞ መጠንቀቁ ነው። በብዙ የአፍሪካ አገሮች ለነፍሰ ጡሮች በቀጠሮ የሚሰጥ የወባ መከላከያ መድኃኒት አለ፤ በአገራችን ግን እንደ ደንብ አልተያዘም። ስለዚህ የኛ እናቶች ጋሻ አጎበርና ፈጣን ምርመራ ናቸው። አጎበር ለእህል ማስጫ፥ ለገመድ፥ ለአጥር አልተሠራም። በቤቱ ያለው አጎበር አንድ ብቻ እንደ ሆነ በውስጡ የምትተኛው ማን ናት? ነፍሰ ጡሪቱ ናት፤ ከወለደችም በኋላ ከሕፃንዋ ጋር ትተኛበታለች። ለመስቀል ቤት ማሳመርም ደግ ልማድ ነው፤ ነገር ግን የቢምቢ መድኃኒት የተረጨበትን ግድግዳ በእበትና በጭቃ መለቅለቅ መድኃኒቱን መቅበር ነውና ልቅለቃው ከርጭቱ በፊት ይፈጸም። ጡብና ጭቃ የተቆፈረበትን ጉድጓድ ድፈኑ፤ የተኛውን ውኃ አፍስሱ።

ለባሎችና ለአማቶችም አንድ ቃል አለን። ነፍሰ ጡር ሴት በአዝመራ ወራት ብትታመም ሥራ የፈታች መስሎ እንዳይሰማት የሚያደርገው የእናንተ ፊት ነው። አንድ ቀን የቀረ አጨዳ በማግሥቱ በወንፈል ይደረሳል፤ አንድ ቀን የዘገየ ሕክምና ግን በወንፈል አይመለስም። ወደ ቆላ ወርዶ የሚያድር ባልም በደሙ ወባ ይዞ ሊመለስና የቤቱ ቢምቢ ከእርሱ ወደ ሚስቱ ልታጋባ ትችላለችና፥ ከተመለሰ በኋላ ትኩሳት ቢሰማው ለራሱ ብቻ ሳይሆን ለሚስቱና ለሚወለደው ልጅ ሲል ይመርመር።

ያችን በኅዳር ወር ያሰብናትን ሴት ግንቦት ሲደርስ ደግመን እናስባት። በሁለተኛው ታሪክ መድኃኒቷን ፈጽማለች፥ በየጊዜው ተመርምራለች፥ በአጎበር ተኝታለች፤ አማትዋም ነገሩን ካወቁ ወዲህ ማታ ማታ አጎበሩን የሚዘረጉት እርሳቸው ሆነዋል። ሕፃኑ ቢወለድ ዕልልታው ለእናቲቱ ነው፤ እኛ ግን ከዕልልታው ጥቂት ለዚያች «ሦስተኛ ወሬ ነው» ላለችበት ቀን እንዲደርስ እንወዳለን።

ስለዚህ፥ እናቶችና እኅቶች ሆይ፤ ትኩሳት ሲይዛችሁ በዚያው ቀን ተመርመሩ፤ ከመድኃኒት በፊትም መፅነሳችሁን ተናገሩ። ማንበብ የሚችል ይህን ለማይችለው ያንብብለት። ፍኖተ ሰላም በግእዝ የሰላም መንገድ ማለት ነው፤ በየመንደሩ ከጤና ኬላ የሚያደርሰውም መንገድ እንዲሁ የሰላም መንገድ ይሁን።